ደጀን ስትደርሱ ተልባውን አትለፉት

ለአገልግሎት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዛችሁ ሁሉ ደጀንን ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ፣ ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ያንን ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ዳገቱን ስትጨርሱ ከአፋፉ ላይ የምትቀበላችሁ ከተማ ናት። ከበረሃው ወበቅ በኋላ ነፋሻው አየሯ እንዴት ደስ ይላል! መኪናው ይቆማል፤ አባወራዎቹ ጥብስ ያዝዛሉ፤ እኛ የልጆቹን እጅ እናስታጥባለን።

ጥብሱ እስኪደርስ እስቲ ወደ ገበያው ጎራ በሉ። የጎጃም ደጋ የጤፍና የሽምብራ አገር ቢሆንም፣ ዓይኔ የሚያርፈው በቅባት እህሎቹ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ኑግ፣ ነጩ ሱፍ፣ ቡናማዋ ተልባ። እነዚህ ለልብና ለደም ሥር የሚጠቅም ቅባት ያላቸው ናቸው። የኑግና የሱፍ ዘይት በደጋ ብርድ እንኳ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ነው። ረግቶ የሚቀመጠው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ፣ በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚያበዛ ቅባት ነው።

ተልባ ከሁሉም ትለያለች። ከዘይቷ ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ 3 ከሚባለው የቅባት ወገን ነው። ውኃ ሲነካት የሚወጣው ልሃጭም አንጀት ውስጥ ኮሌስትሮልን ይዞ ለማስወጣት ያግዛል። በካናዳ የእግራቸው ደም ሥር የጠበበባቸው ሕመምተኞች በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ6 ወር በምግብ ውስጥ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት፣ ተልባ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ የላይኛው የደም ግፊታቸው በ10፣ የታችኛው በ7 ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። 30 ግራም ማለት 4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው።

ታዲያ ይህችን እህል ብዙ አማኝ ቤት የማናገኛት ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ «የጾም ምግብ» ስለተባለች ነው። የሱፍ ፍትፍትና ተልባ ከጎረቤቶቻችን የጾም ወራት ጋር ስለተያያዙ፣ ጌታን ስናገኝ ከማዕዳችን አብረን አሰናበትናቸው። የዳንኤልን ጥራጥሬ ግን ስንት ጊዜ ሰብከናል!

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ምግብ መድኃኒትን አይተካም። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ ሕመም ከቅባት የመጣ አይደለም። በጀርም የተነሣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር ሪውማቲክ ትኩሳት ይከተላል፤ እርሱም የልብን በሮች ያበላሻል። ይህን ነጭ ሽንኩርትም ተልባም አይመልሰውም፤ እንጥል ማስቆረጥማ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለትም «አሁን ድኗል» ተብሎ ቀጠሮው አይታጠፍ።

ሰው ሠራሽ የልብ በር ተገጥሞላችሁ ዋርፋሪን የምትወስዱም አላችሁ። ጎመን በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዚህን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፤ ነጭ ሽንኩርትና ተልባ ሲበዙ ደግሞ ደም የመፍሰሱን አደጋ ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ የጎመኑን መጠን ሳታለዋውጡ ብሉ፤ አዲስ ነገር ስትጀምሩ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ባለቤትሽም ቢሆን፣ እህቴ፣ ልኬቱ ወረደ ብሎ በራሱ እንዳያቆም ዓይንሽን ጣይበት። ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም።

እንግዲህ ተልባውን ስትገዙ ያልተፈጨውን ምረጡ፤ የተፈጨ ሲሰነብት ይሻግታል። ቤት ስትደርሱ አሸዋውን አበጥሩ፤ በለስላሳ እሳት አመስ አድርጉና የሳምንቱን ብቻ ፍጩ። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንዳለ ነው የሚወጣው። በውኃ በጥብጡት፣ ከፈለጋችሁ ጥቂት ማር ጨምሩበት፣ ጨው ግን አታብዙ። ክኒን የሚወስድ ካለ፣ ልሃጩ መድኃኒቱን እንዳያዘገይበት ክኒኑን አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይዋጥ። ልጆች ልሃጩን አይወዱትም፤ እንጀራ ፈትፍታችሁበት ስጧቸው።