ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር በቦረና ደጋ

በ1970ዎቹ ወደ ቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም የሚገባን መኪና እኛ ልጆች ከማየታችን በፊት በድምፁ እንለየው ነበር። ልባችንን የወሰዱት ሁለት ናቸው፤ የእንግሊዙ ላንድሮቨርና የጃፓኑ ላንድክሩዘር። ላንድሮቨር አራት ሲሊንደር ነውና ዳገቱ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከካምቢዮው ጩኸት ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ስድስት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ግን ድምፁ ወፍራምና የረጋ ነው። "ላንድሮቨር ነው!" "የለም፣ ቶዮታ ነው!" እየተባባልን ወደ መንገዱ እንሮጣለን።

መጀመሪያ የተሳፈርኩት ላንድሮቨር ላይ ነው። ሾፌሩ ጎረቤታችን ስለነበር ከፊት አስቀመጠኝ። ከማርሹ አጠገብ ባለ ቀይና ባለ ቢጫ እጀታ ሁለት ዘንጎች ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ቀይዋ ለምንድን ናት?"

"ለጭንቅ ቀን ናት፣ የኔ ልጅ። እሷን ወደኋላ ስስባት ማርሹ ይከብዳል፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል። ቢጫዋን ስጫናት ደግሞ ፍጥነቱ ሳይቀንስ አራቱም ይይዛል። አብሽር፣ ዳገቱ ጋ ስንደርስ ታየዋለህ።"

አየሁት። ያን ቀን የመኪና ፍቅር ያዘኝ፤ እስካሁንም አለቀቀኝ።

ቁጥሩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የላንድሮቨር ሲሪዝ 3 የቤንዚን ሞተር 2,286 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ ወደ 70 ፈረስ ነው። ኤፍጄ 40 የሚባለው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የተገጠመለት ሞተር 4.2 ሊትር ነው፤ በፋብሪካው ልኬት 135 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አጫጭሮቹን ጎን ለጎን ብናቆማቸው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያላቸው ርቀት በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይለያያል። ቁመታቸው ተቀራራቢ፣ ጉልበታቸው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በእኛ አገር ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ከደሴ ወጥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ የላንድሮቨር 70 ፈረስ ደጋው ላይ ወደ 50 ይወርዳል፣ ለላንድክሩዘር ግን ከ90 በላይ ይተርፈዋል። ጭነት የያዘው ላንድሮቨር በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣውን አቀበት ላንድክሩዘር በሦስተኛ ይወጣው የነበረው ለዚህ ነው።

ላንድሮቨርም የራሱ ጌትነት አለው። አካሉ በአብዛኛው አልሙኒየም ስለሆነ የላንድክሩዘርን ላሜራ የሚበላው ዝገት አይነካውም። የጭቃ መከላከያው ቢጋጭ በብሎን የታሰረ ነውና ፈትቶ ማስተካከል ይቻላል። ባትሪ ሲደክም በማኖቬላ ይነሣል። ቤንዚን በበርሜል ከሩቅ በሚመጣበት አገር ደግሞ የላንድክሩዘር ትልቁ ሞተር ብዙ መጠጣቱ ከባድ ዕዳ ነበር።

ፍርድ ስጥ ብባል፣ ለዚያ መንገድ የተሻለው ላንድክሩዘር ነው እላለሁ። የቦረና መንገድ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የዳገት ጉልበት ነው፤ እሱም የነበረው ላንድክሩዘር ነው። የላንድክሩዘር 40 ምርት እ.ኤ.አ. በ1984፣ የሲሪዝ 3 በ1985 አብቅቷል። ከሁለቱ አንዱ በግቢያችሁ የቆመ ወገኖቼ፣ ለቁርጥራጭ ብረት አትሽጡት፤ አስጠግኑትና ለልጆቻችሁ አሳዩልኝ።