ፀሓይ የሚጐበኘው መቃብር

በአየርላንድ አገር፥ ከደብሊን ከተማ በስተሰሜን፥ በቦይን ወንዝ አጠገብ ኒውግሬንጅ የሚባል ታላቅ የድንጋይ መቃብር ይገኛል። የተሠራው ከጌታችን ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ስለ ሆነ በዕድሜ የጊዛን ፒራሚዶች ይበልጣል።

የሠሩት ሰዎች አራሾችና ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ብረትንና መዳብን ማቅለጥ ገና አላወቁም ነበር። ጽሕፈት ስላልነበራቸው ስማቸው ለኛ አልደረሰም። ቢሆንም ወርዱ 85 ሜትር የሚያህለውን ጉብታ ከምረው ዙሪያውን በ97 ታላላቅ ድንጋዮች ከበቡት። በደጁ የተጋደመው ድንጋይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚጠማዘዝ ጌጥ የተቀረጸ ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ጐንበስ እያልን 19 ሜትር ያህል ሄድን። በመጨረሻው ከፍታው 6 ሜትር የሚያህል ክፍል አለ፤ ጣራውም ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የተዘጋ ሲሆን እስከ ዛሬ ዝናብ አያስገባም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1699 ዓ.ም. የመሬቱ ጌታ ሠራተኞች ድንጋይ ለመውሰድ ሲቈፍሩ መግቢያውን አገኙት። ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ቦታውን በጥንቃቄ አስቈፍረው መረመሩ። በክፍሉም ውስጥ የጥቂት ሰዎች ዐጥንት፥ ከፊሉ በእሳት የተቃጠለ፥ ከዶቃና ከዐጥንት መርፌ ጋራ ተገኘ።

በአገሩ ሰው ዘንድ፥ «ፀሓይ ስትወጣ መቃብሩ ውስጥ ታበራለች» የሚል የቈየ ወሬ ነበር፤ የሚያምነው ግን አልነበረም። ኦኬሊ ከመግቢያው በላይ መስኮት መሳይ ቀዳዳ ስላገኙ፥ ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት ወራት፥ ዲሴምበር 21 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ጨለማው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ንጋቱን ጠበቁ። ፀሓይም ስትወጣ ጮራዋ በቀዳዳው ገብቶ እስከ ክፍሉ ወለል ደረሰ። ዛሬም በዚያው ሰሞን ሰማዩ ከጠራ ብርሃኑ 17 ደቂቃ ያህል ይቈያል።

እነዚያ ሰዎች ለራሳቸው የሠሩት የእንጨት ቤት በስብሶ ጠፍቷል፤ ለሙታኖቻቸው ያበጁት ግን ጸንቶ ይኖራል። ምስክሩም ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ የተናቀው ወሬ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችን የጥንት ቦታ ሲያዩ ድንጋዩን እንዳይነቅሉ ስናስጠነቅቅ፥ ሽማግሌ ስለ ቦታው የሚያወራውንም እንዲሰሙና እንዲይዙ እናስተምራቸው።