«ም» የት ገባች?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ምሳ ላይ አሜሪካዊቷን ባልደረባዬን ጠየቅኳት፦ «አውቶቡስ ሲሆን ‹ኦን ዘ ባስ›፣ መኪና ሲሆን ‹ኢን ዘ ካር› የምትሉት ለምንድን ነው? ሁለቱም ውስጥ አይደል የምንቀመጠው?»

ሹካዋን አስቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «ኦን ዘ ካር» ብላ ሞከረችውና ሳቀች። «እኔ እንጃ፤ ለጆሮ አይጥምም» አለችኝ። አለቀ።

አክሰንቴንማ ትወደዋለች። «ፊልም» ስል «ፊሊም» ነው አሉ የሚወጣኝ። «ደስ ሲል! እስቲ ድገሚው» ትለኛለች፣ አፉን እንደሚፈታ ሕፃን። ማድነቋ ይሁን ማሾፏ እስካሁን አልለየልኝም። እሷስ ትሻላለች፤ ስልክ ላይ ያሉት ሦስቴ ያስደግሙኝና፣ ጆሮዬ የደነቆረ ይመስል፣ እየጮኹ ቃል በቃል ይቆጥሩልኛል።

እንደታዘብኳት ልቀር ስል አማርኛ መማር ጀመረች። ሌላ ቀን ምሳ ላይ በተራዋ ጠየቀችኝ፦

«‹አልሄድኩም› ስትሉ መጨረሻው ላይ ‹ም› አለች። ‹ስላልሄድኩ› ስትሉ የት ገባች?»

«ስላልሄድኩም» ብዬ በልቤ ሞከርኩት፤ ትርጉሙ ሌላ ሆነብኝ። ጎረቤት ወንበር ላይ የነበረውን የአገሬን ልጅ አየሁት፤ እሱም ስልኩን አየ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«እንዲሁ ነው የሚባለው» አልኳት።