አገር ስጠኝ

«እንቆቅልሽ!»፣ «ምን አውቅልሽ!» እየተባባልን ያላደግን የለንምና የጨዋታውን ሕግ ማስረዳት አያስፈልገንም። ተጠያቂው መልሱን ካወቀው ይናገራል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ካቃተው ግን «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ላይ ጥቂት ተንጎራድዶ ሲያበቃ መልሱን ያወጣዋል። ያን ጊዜ ታዲያ ከዳር ከተቀመጡት ልጆች አንዱ «ኤዲያ! እኔ እኮ ዐውቄው ነበር» ማለቱ አይቀርም። ይኸ ልጅ የሌለበት የእንቆቅልሽ ሌሊት እኛ አላየንም።

ይኸንኑ ጨዋታ በመንግሥታት ደረጃ የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ የተረዳነው ዘንድሮ ነው። ጠያቂው ፈልሳፊ ይባላል፤ የሚሰጠው አገር ፓተንት ይባላል፤ «መልሱ ቀድሞ የታወቀ ነውና አገር አይሰጥህም» ሊል ወንበር ይዞ የተቀመጠው ደግሞ የፓተንት መርማሪ ይባላል። የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ከሥነ ጽሑፍ መጽሔት ምን ጉዳይ አላቸው የምትሉ የስድስት ኪሎ ወዳጆቻችን ጥቂት ታገሡን። ነገሩ ከሽቦ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ የሚያልቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የናንተም ነው።

ለኀይል ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት አራት ሆነን የደረሰን የሴሚስተር ሥራ የኢንዳክሽን ምድጃ የኀይል ማቅረቢያ ክፍል ነበር። ሁለት ማብሰያ ቦታ ያለው አሮጌ ምድጃ ከመርካቶ ገዝተን ፈታነው፤ መልሰንም ገጠምነው። መምህራችን ግን «ሰርኪዩቱን ብቻ ስላችሁ እንዳትመጡ፤ ስለዚህ ምድጃ የተጻፉትን የፓተንት ማመልከቻዎችና መርማሪዎቹ የመለሱትን ደብዳቤ አንብባችሁ ኑ» አሉን። በዓለም አቀፉ የፓተንት አመዳደብ የዚህ ምድጃ መደርደሪያ «ኤች 05 ቢ 6/12» ይባላል። የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት ደግሞ የታተመ ማመልከቻን ፋይል፣ መርማሪውና አመልካቹ የተጻጻፉትን ጭምር፣ ለማንም አንባቢ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። ገባንበት፤ በቶሎም አልወጣንም።

አስቀድመን ስለ ምድጃው። ከመስተዋቱ ሥር እሳት የለም፤ የጋለ ሽቦም የለም። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ በሬክቲፋየር አልፎ፣ ጫፉ 310 ቮልት ገደማ የሚደርስ ባለ አንድ አቅጣጫ ይሆናል። ሁለት ትራንዚስተሮች ይቀበሉትና አንዱ ሲከፍት ሌላው እየዘጋ በሴኮንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ያመላልሱታል። ይኸ ፈጣን ምልልስ ከካፓሲተር ጋር በተጣመደ የመዳብ ጥቅል ውስጥ ሲሮጥ መግነጢሳዊ መስክ ያበጃል፤ መስኩም መስተዋቱን አልፎ ከብረት ድስቱ ቂጥ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ድስቱ የሚግለው እንግዲህ በገዛ ራሱ ውስጥ በሚዞረው ኤሌክትሪክ ነው። የነገሩን ሥር ማይክል ፋራዳይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። ብረት አቅላጮችም ቀድመው ተጠቅመውበታል። ለቤት ማብሰያ የሚሆነውን ግን ዌስቲንግሃውስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በመካከሉ 140 ዓመት ገደማ አለ። ሕጉ ታውቆ ሳለ ምን ይጠበቅ ነበር? ያን ያህል ኀይል በዚያ ፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር ነበራ!

ምድጃው ከብረት ሌላ አይቀናውም። አንድ ቀን «ቡና እናፍላበት» ብለን ጀበና ብናስቀምጥበት ጭራሽ አላየውም። ሸክላ ነዋ! ይኸን ጀበና እንዳትረሱብን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሻይ በአንዱ፣ ውሃ በሌላው ድስት ጥደን ሁለቱንም ስናበራ ግን ምድጃው ያፏጭ ጀመር፤ ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። አንዱን ብናጠፋ ጸጥ፤ ያን አብርተን ሌላውን ብናጠፋ ጸጥ፤ ሁለቱ ሲበሩ ፉጨት።

«ጋሼ፣ የትኛው ነው የሚጮኸው?» አልናቸው የላቦራቶሪውን ሠራተኛ።

«ኧረ ልጆቼ፣ አንዳቸውም አይጮሁም» አሉ። «ልዩነታቸው ነው የሚጮኸው።»

ኦሲሎስኮፑን ስናገናኝ አንደኛው ጥቅል በ25 ሺህ፣ ሁለተኛው በ30 ሺህ ኸርዝ ይሠራል። በዚህ ዓይነት ምድጃ ኀይል የሚስተካከለው በፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ኀይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሻዩና የውሃው ፍጥነት ይለያያል። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ አይሰማምና ሁለቱም ለየብቻቸው ዝምተኞች ናቸው። የሁለቱን ልዩነት፣ 5 ሺሁን ግን፣ አሳምሮ ይሰማል።

በፋይሎቹ ውስጥ ይኸ ፉጨት ተደጋግሞ የሚነሣ ጉዳይ ነው። የመርማሪውን አካሄድ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ራሳችን እንሥራ፤ ምሳሌው የኛ ነው፣ ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። አንድ አመልካች መጣ እንበል። «ሁለቱንም ጥቅሎች በአንድ ዓይነት ፍጥነት አስነሣቸዋለሁ፤ ኀይላቸውን የማስተካክለው በየተራ እያበራሁና እያጠፋሁ ነው። ፍጥነታቸው አንድ ከሆነ ልዩነት የለም፤ ልዩነት ከሌለ ፉጨት የለም» ይላል። ደስ ይላል! እኛ ብንሆን አገሩን ወዲያው በሰጠነው።

መርማሪው ግን አይቸኩልም። የሚሠራው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 ሙኒክ ላይ በተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት ነው። አንቀጽ 54 ነገሩ አዲስ መሆኑን ያስመረምረዋል፤ አንቀጽ 56 ደግሞ አዲስስ ይሁን፣ በሙያው ለሠለጠነ ሰው ግልጽ ሆኖ የሚታይ እንዳይሆን ያስመረምረዋል። ለዚህ አራት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ከቀደሙት ሰነዶች መካከል በጣም የሚቀርበውን አንዱን ይመርጣል። ቀጥሎ በዚያና በማመልከቻው መካከል ያለውን ልዩነት ይለያል። ሦስተኛ ያ ልዩነት ምን ፋይዳ እንዳስገኘ ይጠይቅና፣ ከፋይዳው ተነሥቶ ችግሩን እንደገና ይጽፈዋል። በመጨረሻም፣ ይኸ ችግር የቀረበለት አንድ ደኅና ባለሙያ ወደዚህ መልስ ይሄድ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። «መሄድ ይችል ነበር» ማለት አይበቃውም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ማናችንም ከአምስት ኪሎ ተነሥተን እንጦጦን በእግራችን ልንወጣው እንችላለን፤ ነገ ጧት እንወጣዋለን ወይ ሲባል ግን የሚያስወጣን ምክንያት ያስፈልጋል።

እንግዲህ መርማሪው ሁለት አሮጌ ሰነድ ያወጣል። አንደኛው ሁለት ጥቅል በተለያየ ፍጥነት የሚሠሩበት ምድጃ ነው። ሁለተኛው ለዝግታ ማብሰያ አንድን ጥቅል እያበራ የሚያጠፋ ነው። «ፉጨቱ ከልዩነቱ እንደሚመጣ የሚያውቅ ባለሙያ ሁለቱን ያጋጥማቸዋል፤ አንተ ዘንድም ይደርሳል» ብሎ ይጽፋል። አገር የለም!

አመልካቹም ይመልሳል። «እያበሩ ማጥፋት ብቻውን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሁለት ሺህ ዋት ድንገት ሲገባና ሲወጣ የቤቱ አምፖል ይርገበገባል፤ ይኸንንም የሚገድብ አይ.ኢ.ሲ. 61000-3-3 የሚባል ደንብ አለ። እኔ ተራቸውን ያደራጀሁት ከመስመሩ የሚሳበው ጠቅላላ ኀይል ሁልጊዜ እኩል እንዲሆን አድርጌ ነው፤ ያንተ ሁለት ሰነዶች ስለዚህ አንድም ቃል የላቸውም» ይላል። ዓረፍተ ነገሩንም በዚያው ልክ ያጠብበዋል።

ቀደም ሲል ያልናችሁ ዓረፍተ ነገር ይኸ ነው። በፓተንት ውስጥ «ይኸ የኔ ነው» የሚባለው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታጠራል፤ ገጽ ቢሞላም አራት ነጥቡ አንድ ነው። በአውሮፓ ልማድ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ፊተኛው ክፍል የሌሎችን፣ የታወቀውን ይዘረዝራል፤ ከዚያ «የሚለየውም» የምትል ቃል ትመጣለች፤ የሰውየው ድርሻ ከሷ በኋላ ያለው ነው። ቃል ሲጨምር መሬቱ ይጠብበታል፤ ቃል ሲቀንስ መሬቱ ይሰፋለታል፣ ግን የሌላ ሰው እርሻ ይረግጣል። ከእንዲህ ያለ አራሚ ፊት የሚቆም ጽሑፍ በመጽሔታችን ስንት ይገኝ ይሆን?

መርማሪውም የራሱ ፈተና አለበት፤ ሥራውን የሚጀምረው መልሱን አንብቦ ነው። መልሱ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀላል ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «እኔ እኮ ዐውቄው ነበር» የሚለው ልጅ በመርማሪውም ሆድ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ያ አራት ደረጃ ሥርዓት ይኸን ልጅ ዝም ለማሰኘት ይጠቅማል። «ዐውቀኸው ከነበር የት ተጽፏል? ከዚያኛው ጋር እንድታጋጥመውስ ምን አነሣሣህ?» ይለዋል። ልጁ ሰነድ ማውጣት አለበት፤ ከሌለው ዝም ይላል።

ከአራታችን አንዱ በዚህ ሁሉ አልተደሰተም። «ይኸ የባለጸጋ ጨዋታ ነው» አለ። «ለጠበቃ የሚከፍል ኩባንያ የዓለምን ድስት ሁሉ ያጥራል። እኛ ከዚህ ውስጥ የት አለን?» እውነት አለው። ገንዘብ ያለው ብዙ ያመለክታል፤ ቀጫጭን ልዩነት እየሰበሰበ አጥሩን ያወፍራል። ዳሩ ግን ሦስት ነገር አቀረብንለት። አንደኛ፣ በአውሮፓ ማመልከቻው እስከዚያ ካልተነሣ በቀር ከ18 ወር በኋላ ይታተማል፤ ኋላ ፓተንቱ ቢከለከልም መልሱ ተነግሮ አልቋል። ሁለተኛ፣ አገሩ የሚሰጠው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ነው፤ ከዚያ አጥሩ ይፈርሳል። ሦስተኛ፣ ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው፤ ጀርመን የሰጠችው ጀርመንን ነው፣ ጃፓንም ጃፓንን። እኛ ዘንድ ያልተመዘገበውን እኛ ዘንድ ሠርቶ መጠቀም አይከለከልም። «ስለዚህ አገር ሳንሰጥ መልሱን የምንሰማ ልጆች ነን» አልነው።

ዝም አለ። ቆይቶ ግን «ታዲያ ለምን አልሰማንም?» አለ።

ይኸን ጽሑፍ ያጻፈን ይኸ ጥያቄ ነው። የመመረቂያ ሥራ ሲቀርብ ፈታኙ «ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል፤ «ለአገራችን የመጀመሪያው ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ የሚናቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 እንኳ ቦታ ሰጥቶታል፤ ፓተንት የሚጠይቀው ሰው በዓለም አዲስ የሆነ ነገር እንዲያመጣ ሲያዝ፣ ለአነስተኛ ፈጠራ ግን በኢትዮጵያ አዲስ መሆኑ እንዲበቃ ደንግጓል፤ ስሙንም የግልጋሎት ሞዴል ብሎታል። ነገር ግን «ለአገሬ የመጀመሪያው ነኝ» የሚያምረው ሌላው ዓለም የሠራውን አይቶ ለተናገረው ነው። ሳያዩ መናገር መልሱን ያልሰማ ልጅ ፉከራ ይሆናል። ፋይሎቹ ደግሞ ተከፍተው ተቀምጠዋል፤ የሚያስከፍሉት ጊዜና ትዕግሥት ነው።

አሁን ጀበናውን አምጡልን። ጀበናን ያላየ ምድጃ የሸክላ ምጣድንም አያይም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚስበውም 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ነው። የተለመደው የኢንዳክሽን ጥቅል ግን ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጉልበቱ 2 ሺህ ዋት ያህል ነው። እንጀራ ደግሞ ከወጥ ይልቅ ጨካኝ ፈታኝ ነው፤ መሀሉ ግሎ ዳሩ ከቀዘቀዘ ዓይኑ አይወጣም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል፤ የኀይል ማቅረቢያው ይኸንንም መቻል አለበት። ሸክላው በብረት ይለወጥ? ወይስ ከሸክላው ሥር የብረት ሰሌዳ ይግባ? ብዙ ጥቅል ጎን ለጎን ከተደረደረስ ፉጨቱን ምን እናድርገው? በዚህ የደከሙ ሰዎች ካሉ እነሱን ፈልጎ ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መርማሪው ችግሩን እንደገና ሲጽፈው አይተናል። ብዙው ነገር የሚወሰነው ችግሩ በትክክል ሲጻፍ ነው። ይኸን ችግር ደግሞ ከሙኒክ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው የለም፤ እንጀራ አልጋገረማ! የሚያውቁት በየቤቱ ምጣድ ዳር የሚቆሙት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ጠይቀናቸው ልንጽፈው የምንችለው እኛ ነን። ምን ጠፋን? ምጣዱ ከቤታችን፣ መልሱ ከፋይሉ አለ፤ በመካከላቸው የሚመላለስ ሰው ነው የጎደለው።

የሴሚስተሩን ሪፖርት ስናስረክብ መምህራችን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ አሉን፤ የሌሎችን ዘርዝረን፣ «የሚለየውም» ብለን፣ የኛን ብቻ። ለአራት ሰው ሁለት ሌሊት ፈጀ። የሰው የሆነውን እየለየን ለባለቤቱ ስንመልስ የቀረልን አንድ መስመር ተኩል ነበር፤ የመስመሩ ቮልት ሲወርድ ሁለቱ ጥቅሎች ኀይላቸውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚካፈሉ የሚናገር ነው። እስከ ዛሬ ከጻፍነው ሁሉ የምንኮራበት በሱ ነው።

መምህራችን ቆመው አነበቡት። ሁለተኛም አነበቡት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው «በሉ እንግዲህ፣ አሁን መርማሪው እኔ ነኝ» አሉን።