በቁስል እንጨት መስደድ

«እናትዎ የዚህን ወር መድኃኒት ገዝተዋል?»

ይህ የሐኪም ጥያቄ አይደለም። የማስታወቂያ ኢሜይል ርዕስ ነው።

የጻፈችው አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት የምትሠራ ወጣት ናት። የሚደርሳቸው አሜሪካና ዓረብ አገር ሆነው ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ «የምንዛሪ ዋጋችን ተሻሽሏል» ብላ ስትጽፍ የሚከፍተው ጥቂት ነበር። ይሄኛውን ግን ብዙ ሰው ከፈተው። ውስጡም «አንድ ቀን መዘግየት ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ?» ይላል። ብዙዎች በዚያው ቀን ገንዘብ ላኩ። አለቃዋ አመሰገናት።

ማታ ላይ ከአንድ ደንበኛ መልስ መጣ። «እናቴ ካረፈች አርባዋ እንኳ አልወጣም። ከዝርዝራችሁ አውጡኝ።»

እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጥያቄውን ከየትም አላመጣችውም ነበር። የራሷ እናት ደሴ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። ወር በገባ ቁጥር ደውላ የምትጠይቃቸው ይህንኑ ነው። የራሷን ጭንቀት ወስዳ በሰው ጭንቀት ላይ ሸጠችበት።

ሙያው የሚያስተምረው ይህንን ነው፦ የደንበኛውን ሕመም ጥራ፣ አባብሰው፣ ከዚያ መድኃኒቱን አቅርብ። ደግሞም ይሠራል። ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ነገር እንደሚከብደው ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። «ይህን ታተርፋለህ» ሲባል የማይነቃ ሰው፣ «ይህን ልታጣ ነው» ሲባል ብድግ ይላል።

ዘዴው ከኢሜይል በፊት የነበረ ነው። ሊስትሪን እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሠራ የቀዶ ሕክምና ጀርም ማጥፊያ ነበር። በ1920ዎቹ ግን ባለቤቶቹ «ሃሊቶሲስ» የሚል እምብዛም የማይታወቅ የሕክምና ቃል አንስተው በጋዜጣና በመጽሔት አስነገሩ። የአፍ ጠረን ሴት ልጅን ያለ ባል የሚያስቀር፣ ወዳጅ እንኳ ደፍሮ የማይናገረው ነውር ተደርጎ ቀረበ። ገበያው ደራ። ምርቱ ጉንፋን ይከላከላል እየተባለም ለአሥርተ ዓመታት ተሸጠ፤ እስከ 1975 ድረስ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን «ጉንፋንም ሆነ የጉሮሮ ሕመም አይከላከልም» ብሎ ኩባንያው ራሱ በማስታወቂያው እንዲያርም አዘዘ።

ሐሰት ሲሆን ሕግ ይደርስበታል። በእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የልጅቷ ኢሜይል ግን አንድም ሐሰት የለበትም። ጠየቀ እንጂ አልዋሸም። ስለዚህ ዳኛው ሕግ ሳይሆን የጸሐፊዋ ሕሊና ነው።

ታዲያ የደንበኛን ሕመም መጥቀስ ኃጢአት ነው? አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ! የሰውን ችግር የማያውቅ ሻጭ የማይረባ ዕቃ ይዞ ነው የሚዞረው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሐኪምም ቁስል ይነካል፤ የሚነካው ግን ምን ያህል እንደጎዳ ለማወቅና ለማከም ነው። በቁስል እንጨት የሚሰድ ሰው የሚፈልገው ጩኸቱን ነው። ሊሸጥ የመጣው ነገር ሕመሙን በእውነት ያቃልላል? ወይስ ሕመሙ የተጠራው ሰውየው ሳያስብ ኪሱን እንዲከፍት ብቻ ነው? የገንዘብ አስተላላፊው አገልግሎት ገንዘብ ያደርሳል፤ ለዚያ ደግሞ ማንንም በእናቱ ሞት ማስፈራራት አያስፈልገውም።

ልጅቷ በማግስቱ ለሰውየው በራሷ እጅ ጻፈች። «ነፍስ ይማር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ከዝርዝሩ አወጣችው። የሚቀጥለው ኢሜይል ርዕስ «ለመድኃኒት የሚልኩት ገንዘብ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ክፍያውስ?» የሚል ነበር። ሕመሙ አለ፤ ማባባሱ ግን የለም።

የከፈተው ሰው ቀነሰ። አለቃዋ ጠርቶ «ያንን የመሰለ ርዕስ ለምን ተውሽው?» አላት።

የሰውየውን መልስ ከፍታ ስልኩን ሰጠችው።