ከሣር ቤቱ የተሰማው ዘፈን

ለማስተማር ወደ ገጠር በመጣን በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱን ዘፈን ሰማን። ሠርግ ነበር። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። መሬቱ በእግር ይደለቃል። እኛ ግን እንቅልፍ አጣንና ተበሳጨን። «ነገ እኮ ትምህርት አለ» ብለን በራችንን ዘጋን።

ዛሬ በዚህ ነገር እናፍራለን። ያሳፈረን አንድ መጽሐፍ ነው። እስቲ እንንገራችሁ።

ብራዚል ከውቅያኖስ ማዶ ያለች ሰፊ አገር ናት። እንደ እኛ አገር ቡና ታበቅላለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1557 ዣን ደ ሌሪ የሚባል ፈረንሳዊ ከሚስዮናውያን ጋር እዚያ ደረሰ። ሙያው ጫማ ሰፊነት ነበር። ዕድሜው እንደ እኛ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ነው። 

የአገሩ ሰዎች ቱፒናምባ ይባሉ ነበር። አንድ ቀን በመንደራቸው ብዙ መቶ ሰው ተሰበሰበ። ወንዶቹ አንድ ቤት ገቡ። ሌሪ ከሴቶቹ ጋር ሌላ ቤት ቆየ። ወንዶቹ ዝግ ባለ ድምፅ ማዜም ጀመሩ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ድምፁ እያደር ከፍ አለ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ዘለሉ። ሌሪ ፈራ።

ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ በረደ። ዜማው ጣፈጠ። ሌሪም ወደ ወንዶቹ ቤት ሊሄድ ተነሣ። አስተርጓሚው «አደገኛ ነው» ብሎ ቢያስጠነቅቀውም አልቀረም። ቤቱ እስከ መሬት በሣር የተከደነ ነበር። ሣሩን በእጁ ከፈት አድርጎ አየ። ኋላም ገባ። ማንም አልተቆጣውም።

ሰዎቹ ማራካ ይዘዋል። ማራካ ውስጡ ፍሬ ያለበት ቅል ነው። ሲወዘውዙት እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ዛሬም በብራዚል ሙዚቃ ይሰማል። ሌሪ ሁለት ሰዓት ያህል አዳመጠ። ትርጉሙንም ጠየቀ። ዘፈኑ ለሞቱት አያቶቻቸው ያዝናል። በጥንት ዘመን ምድርን ስለሸፈነ ውሃም ይናገራል።

ሌሪ እምነታቸውን አልተቀበለም። በዘፈናቸው መደሰቱን ግን አልደበቀም። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1578፣ መጽሐፍ አሳተመ። ያ ዜማ ትዝ ባለው ቁጥር ልቡ እንደሚርድ፣ ድምፃቸውም በጆሮው እንደሚያቃጭል ጻፈ። በ1585 በወጣው እትም ደግሞ አንዳንድ ዜማቸውን በኖታ አስገባ። ኖታ የዜማ ፊደል ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዜማን በምልክት እንደሚጽፉት ማለት ነው።

ቱፒናምባዎች በኋላ በበሽታ፣ በጦርነትና በባርነት እጅግ አለቁ። ዘፈናቸውን የሚጽፉበት ፊደል አልነበራቸውም። የዚያን ቀን ዘፈን እንግዳው ባይጽፈው ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

እኛም አሁን በራችንን አንዘጋም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት፣ ተማሪያችን ናቸው፣ የእናታቸውን የወፍጮ እንጉርጉሮ በደብተራቸው ጻፉ። አራት መስመር ነው። ሁለት ፊደል ተሳስተዋል። እኛ ግን ከማረማችን በፊት «እስቲ ያዚሙልን» ብለን ለመንናቸው።

እናንተስ የማንን ዘፈን ትጽፋላችሁ?