ባለ ቃታው ዓሣ ጎረቤት ሲፈለግለት

ባለፈው ዓመት ልጆቼን ለመጠየቅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ 500 ሊትር ገደማ ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ውኃው ጨው ተመጥኖ የተጨመረበት፣ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት ነው። በዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ግን አንድ ዓሣ ብቻ ነበር።

የዓሣው ባለቤት የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ስሙ ፒካሶ ትሪገርፊሽ እንደሆነ ነገረኝ፤ ትሪገር የጠመንጃ ቃታ ማለት ነው። ዓሣው ሲደነግጥ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጀርባውን ትልቅ እሾህ ያቆማል። ከኋላ ያለው ትንሹ እሾህ ይቆልፈዋል፤ ትንሹ እንደ ቃታ ካልተሳበ ትልቁ አይታጠፍም። ዘመዶቹ በቀይ ባሕርም ይኖራሉ።

«ታዲያ ለምን ብቻውን?» አልኩት።

«ኃይለኛ ነው እማማ፤ ሌሎቹን ይነክሳል።»

አንጀቴን በላው። ልጁ ትምህርት ቤት በዋለበት ቀን አንዲት የአገሬ ልጅ በመኪና አደረሰችኝና ሁለት ትንንሽ፣ ብርቱካናማና ነጭ ዓሦች ገዛሁ። ሻጩ ገንዳው ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ «አንድ ዓሣ ብቻ» ብዬ አለፍኩት። ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ስሠራ በሽተኛ ታሪኩን ሲደብቀኝ የምቆጣ ሰው፣ ያን ዕለት ራሴ ደበቅሁ።

ጠዋት ስንነሳ አንዱ የለም። ሌላው ክንፉ ተቦጫጭቆ ጥግ ላይ ተጋድሟል፤ እስከ ቀትርም አልቆየም። ልጁ አላለቀሰም። «ነግሬሽ ነበር እኮ» ብሎ ቁርሱን ሳይበላ ሄደ። ሁለት ቀን በቅጡ አላናገረኝም።

ቅዳሜ አባቱ ሊያስታርቀን ባልቲሞር ወዳለው ብሔራዊ አኳሪየም ወሰደን። እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተ፣ ወደቡ ዳር የቆመ ትልቅ ሕንፃ ነው። ብላክቲፕ ሪፍ የሚባለው ክፍል ውስጥ የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረ ሻርኮች ከሌሎች ዓሦች ጋር ይዋኛሉ። «እይ፣ ሻርክ እንኳ ከትንንሾቹ ጋር ይኖራል!» አልኩት።

«ውኃውን አየሽው? አንድ ሚሊዮን ሊትር ይጠጋል። የእኛው 500 ነው» አለኝ። መሸሻና መደበቂያ እንዳለ፣ ሠራተኞችም በሰዓቱ እንደሚያበሏቸው አስረዳኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ቀጣዩን ዓሣ አብረን ለመምረጥ ተስማማን።

ወደ ሱቁ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ታሪኩን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሻጩም በትዕግሥት መከረን። አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዓሣ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን ለትሪገርፊሽ ጎረቤት ሳይሆን ምሳ ነው። መርዛማው ላየንፊሽም ቢሆን ቀርፋፋ ስለሆነ ረጃጅም ክንፎቹ ይነከሱበታል። ሌላ ትሪገርፊሽም አይሆንም፤ የሚመሳሰሉ ዓሦች ለአንድ ቦታና ለአንድ ምግብ ይጣላሉ። የሚሻለው በመጠን የሚመጣጠን፣ በመልክና በአኗኗር የሚለይ፣ ጠንካራ ዓሣ ነው። እኛም ፊቱ ቀበሮ የሚመስለውን ቢጫውን ፎክስፌስ መረጥን። አረም በል ነው፣ ሰላማዊ ነው፤ የጀርባው እሾህ ግን መርዝ ስላለው ሌሎች በቀላሉ አይደፍሩትም።

ቅደም ተከተልም አለው። ገራሙ ቀድሞ፣ ኃይለኛው በመጨረሻ መግባት ነበረበት። የእኛ ኃይለኛ ቀድሞ ስለገባ፣ ድንጋዮቹን አዘዋውሮ «ግዛቴ» የሚለውን ቦታ ማፍረስ ያስፈልጋል። አዲሱን መጀመሪያ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ቀናት ማስተያየት፣ ነባሩን በደንብ መመገብ፣ በሚለቀቅበት ሰዓት መብራት ማጥፋት። ይህም ሆኖ የእያንዳንዱ ዓሣ ጠባይ ይለያያልና ለመለያ የሚሆን ትርፍ ገንዳ ማዘጋጀት ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን አዲሱ ዓሣ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን በሽታ እንዳያስገባ አራት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቆያል። ይህንን ስሰማ ሳቅሁ፤ ይኼስ የእኔ ሙያ ነው። በየማለዳው እኔና ልጁ ቆዳውን፣ አተነፋፈሱንና አበላሉን እያየን በደብተር መዘገብን።

አራቱ ሳምንት ሳይሞላ የመመለሻዬ ቀን ደረሰ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ ማታ ደውሎ በስልኩ ገንዳውን አሳየኝ። ባለ ቃታው ወዲያ ድንጋዩን ይቆፍራል፣ ቢጫው ወዲህ አረሙን ይግጣል። ትርፍ ገንዳውም ውኃ እንደተሞላ ከጎን ተቀምጧል።

አሁን ለልጆች ምንም ከመግዛቴ በፊት እደውላለሁ። በቀደም «ሌላ ዓሣ ልላክልህ?» ብለው፣ «አይ እማማ፣ ቤቱ ሞልቷል» አለኝ። እሺ አልኩት።